በቀትር የሚያለቅሰው ታንከር

ለምወድህና ለምናፍቅህ ታላቅ ወንድሜ ለምስክር፤

ዓባይን ተሻግሮ የሚደርስህ ሰላምታዬ እንደ ክረምት ጉም ከየአቅጣጫው ይክበብህ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህስ? ዜማ ስትጮህ የሚዘጋው ጉሮሮህ ተከፈተልህ ወይ? ደበሎህ ከዝናብ ያድንሃል ወይስ ዝናቡን ራሱ ጠጥቶ መልሶ አንተን ያጠጣሃል? ባለፈው ዓመት ቁራሽ ስትለምን የነከሰህ ውሻስ እንዴት ነው? ያንን ሥጋ ቀምሶ እስካሁን በሕይወት ካለ ለእሱም ሰላምታዬ ይድረሰው። የኔታ ደህና ናቸው? ቅኔውስ አስገባህ ወይስ አሁንም ደጁ ላይ ቆመህ እያንኳኳህ ነው? እኔ እህትህ ሕሊና፣ አሥራ አንደኛ ክፍልን በሰላም አልፌ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አባዬም እማዬም ደህና ናቸው። አያታችንን እማማ በለጠችን ግን በአንድ ቃል «ደህና ናቸው» ብዬ ልለፋቸው አልችልም። ይህን ሁሉ ወረቀት የምጨርሰው በእሳቸው ምክንያት ነው።

የኔታ ስልክ የተገኘበትን ተማሪ ከጉባኤ እንደሚያባርሩ ስለማውቅ በእጄ ጻፍኩልህ። የሚያመጣልህ የንስሐ አባታችን የመምሬ ወልደ ሩፋኤል የእህት ልጅ ነው። ፖስታውን በሻማ አሽጌዋለሁ። ሻማው ተሰብሮ ከደረሰህ የልጁን ፊት እየው፤ ገርጥቶ ከሆነ አንብቦታል ማለት ነው።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ቤታችን አንድ ትልቅ ሰው ጨምሯል። ታንከሩን ማለቴ ነው። ጥቁር ነው፣ ወፍራም ነው፣ ጓሮ ውስጥ ሦስት ሜትር በሚሆን የብረት ማማ ላይ ተቀምጦ ሁላችንንም ቁልቁል ያየናል። አባዬ ከአንተም ከእኔም አስበልጦ ይወደዋል። የደባርቅን ውኃ ታውቀዋለህ፣ በፈረቃ ነው፤ የእኛ ሰፈር ተራ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ይደርሳል፣ እሱም ሰዓቱን ተናግሮ አይመጣም። ሲመጣ አባዬ በርጩማውን አውጥቶ ከማማው ሥር ይቀመጥና የታንከሩን ሆድ በረጅም ዱላ እየመታ ያዳምጣል። «ገና ግማሽ ነው» ይላል እንደ ሐኪም። ግማሽ ባለ በአምስት ደቂቃው ከላይ ገንፍሎ በአናቱ ላይ ይወርድበታል። የፈሰሰው ውኃ ደግሞ ተንደርድሮ የእትዬ እናናዬ ጓሮ ይገባል። ዘመዶቻቸው ሁሉ እስራኤል ገብተው እሳቸው ብቻ የቀሩትን ጎረቤታችንን መቼም አትረሳቸውም። በአጥር ላይ ብቅ ይሉና «አቶ ዓለምነህ፣ እኔ የዘራሁት ጎመን ነው፣ ሩዝ አይደለም!» ይሉታል። አባዬ ያን ጊዜ የሚሆነውን ማየት ነበረብህ።

በሐምሌ ትምህርት ተዘግቶ እጄ ሥራ ፈትቶ ነበር። የፊዚክስ መምህራችን ውኃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል እያሉ ዓመቱን ሙሉ ነግረውን አንድም ቀን አላሳዩንም። እኔም ለታንከሩ አፍ ላበጅለት አሰብኩ፤ ሲሞላ ራሱ ጮሆ እንዲናገር። አሠራሩ ቀላል ነው፣ ለአንተ እንኳ ይገባሃል። ሁለት ብረቶች ከታንከሩ አፍ ትንሽ ዝቅ ብለው፣ ሳይነካኩ፣ ጎን ለጎን ይንጠለጠላሉ። ውኃው ከፍ ብሎ ሁለቱንም ሲነካ በመካከላቸው ድልድይ ይሆንና ጥቂት ኤሌክትሪክ ያሻግራል። ያቺን ጥቂት ኤሌክትሪክ ትራንዚስተር የሚሉት፣ ባለ ሦስት እግር፣ የጥንዚዛ ያህል ዕቃ ይቀበላትና ለብዙው ኤሌክትሪክ በር ይከፍታል። ያኔ ድምፅ ማውጫው ይጮኻል። ለብረቶቹ የእማዬን ሁለት የሻይ ማንኪያዎች ወሰድኩ። እማዬ እስካሁን እየፈለገቻቸው ነው። ትራንዚስተሩን ከአባዬ ሬዲዮ ነቀልኩት። አባዬ ሬዲዮው በእርጅና እንደሞተ ያምናል፤ ሐዘኑን አታብዛበት።

ሽቦ የሚጣበቅበትን ካውያ ያዋሱኝ መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮና ስልክ የሚጠግኑት ጋሽ ገዱ ናቸው። በአንድ ትራንዚስተር በእጅ ባትሪ አምፖል ስሞክረው ብርሃኑ ደከመብኝ፣ ስለዚህ ሁለተኛ ቀጠልኩበት። ጋሽ ገዱ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩትና «አንቺ ልጅ፣ ጆሮውን አበዛሽበት። ይሄ እንግዲህ ውኃ ብቻ አይደለም የሚሰማው፣ ትንፋሽም ይሰማል» አሉኝ። ሳቅሁባቸው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ያስቀኝ ነበር።

የቀረኝ ድምፅ ማውጫ ብቻ ነበር። በሰኔ የእትዬ እናናዬ ዘመዶች የአያቶቻቸውን መንደር ሊያዩ ከእስራኤል መጥተው ነበር። ከእነሱ ጋር የነበረችው ኢንባል የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ወዳኝ ስትሄድ አሻንጉሊቷን ሰጠችኝ። አሻንጉሊቷ የምታለቅስ ናት። ሆዷን ቀድጄ የክብሪት ቤት የምታህለውን ድምፅ ማውጫ አወጣሁ። ለቅሶው እንዴት እንደሆነ ልንገርህ፦ መጀመሪያ እንደ ማጉረምረም ያለ ነገር አለ፤ ቀጥሎ ሁለቴ ትንሰቀሰቃለች፤ ከዚያ ትንፋሿ ይቆምና ዝም ትላለች፤ አንተም ያበቃ ሲመስልህ ድንገት ቤቱን ታናውጠዋለች። ያ በመካከል ያለው ዝምታ ነው ክፉው። ለምን ይህን መረጥሽ ትለኝ ይሆናል። አባዬ በርጩማው ላይ ሲያንጎላጅ ከጆሮው ሥር ሕፃን ቢያለቅስበት ምን እንደሚያደርግ ማየት ፈልጌ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሐምሌ ሃያ አራት ጠዋት ውኃ መጣ፣ ታንከሩም ሞልቶ አለቀሰ። አባዬ ከበርጩማው ተፈናጥሮ «የማን ልጅ ነው? የማን ልጅ ነው?» እያለ ከቤት ገብቶ አልጋ ሥር ተመለከተ። እትዬ እናናዬ በአጥሩ በኩል «እንኳን ማርያም ማረቻችሁ! ማን ወለደች?» አሉ። እማዬ ሳቅ አንቆ ሊገድላት ነበር። እማማም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ፈገግ አሉ። ከዚያ ሁሉንም አሳየኋቸው፤ ማንኪያዎቹን ግን በጨርቅ ሸፍኜ። ይህ ሕፃን መሣሪያ መሆኑን ያልሰማ በቤታችን የለም። ይህን ልብ በል፤ በኋላ አያቴ አርጅተው ተሳስተው ነው እንዳትለኝ።

ነገሩ የተለወጠው በፍልሰታ ጾም ነው። ነሐሴ አራት ቀን ታንከሩ ባዶ ከሆነ ሁለት ቀን አልፎት ነበር፤ የመጨረሻዋን ውኃ እማዬ ከቧንቧው ሥር በጣሳ አንጠፍጥፋ ወስዳለች። ከሊማሊሞ በኩል ጉም ተነስቶ ሰፈሩን ዋጠው። ያንን ጉም ታውቀዋለህ፣ የራስህን እጅ ዘርግተህ የምታጣው። ማማው ከእግሩ በላይ አይታይም። ዶሮዎቹ ማታ መስሏቸው ቆጥ ላይ ወጥተዋል። ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ጠብታ ውኃ በሌለበት፣ ከዚያ ከማይታየው ከላይ ሕፃኑ አጉረመረመ። ሁለቴ ተንሰቀሰቀ። ዝም አለ። እማዬ ክክ የምትለቅምበትን ሰፌድ ይዛ ቆመች። ከዚያ ለቅሶው መጣ። ጉም ውስጥ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይለይም፤ ከላይ ይመስልሃል፣ ከኋላህም ይመስልሃል።

አባዬ «ድንጋዩ አልቆ ነው» ብሎ ፈረደ። የባትሪ ድንጋይ ሲያልቅ ዝም ይላል እንጂ አይጮኽም ብዬ ልነግረው ነበር፣ ግን ፈርዶ ከጨረሰ በኋላ አባዬን ማስረዳት ለታንከሩ ከማስረዳት ይከፋል። በማግስቱም በቀትር አለቀሰ። በሦስተኛውም ቀን። እማዬ የቀትር ጋኔን ነው አለችና ከአምስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ጓሮ መውጣት ተከለከለ። አባዬ በጋኔን አያምንም፤ በርጩማውን ወደ ቤት ያስገባው ለብርዱ ብሎ ነው። እትዬ እናናዬ ደግሞ የጎመናቸውን መንገድ ለውጠው በላይ በኩል ይዞሩ ጀመር።

አሁን ኃጢአቴን ስማ፤ አንተ ዲያቆን ስለሆንክ ለአንተ ብናገር ግማሽ ንስሐ ይቆጠርልኛል። እኔ ምክንያቱን በሁለተኛው ቀን አውቄዋለሁ። መሰላሉን ወጥቼ አየሁት። ሁለቱን ማንኪያዎች ያሰርኩባት የክትክታ ዱላ ጉሙን ጠጥታ ረጥባለች፤ ከአንዱ ማንኪያ ወደ ሌላው እርጥበት ድልድይ ሠርቷል። ያ ጆሮው የበዛ መሣሪያ ያችን እርጥበት ይሰማል። ጉሙ በቀትር ስለሚወፍር በቀትር ይጮኻል፣ ሲቀል ዱላዋ ትደርቅና ዝም ይላል። በዱላዋ ፈንታ ፕላስቲክ ባደርግ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አላደረግሁም። አባዬ በርጩማውን ታቅፎ ሲገባ፣ እማዬ በሩን ስትቀረቅር፣ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ እስቅ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ የቤቱ ጋኔን እኔ ነበርኩ።

እማማን ግን አላየኋቸውም። ሁሉም ሲያወራ እሳቸው ብቻ ምንም እንዳላሉ ልብ አላልኩም።

ነሐሴ አሥራ ስድስት ጾም ሲፈታ አባዬ በግ አረደ። እማማ ሳህናቸውን ገፋ አደረጉት። «እናንተ ፍቱ፤ የእኔ ሰዓት አልደረሰም» አሉ። እማዬ በሽታ ነው ብላ አጥሚት ሠራች፣ እሱንም አልነኩትም። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ደረቅ ቁራሽና ውኃ፣ ሌላ የለም። በአራተኛው ቀን የእጃቸው አጥንት ይቆጠር ጀመር። የሰባ ስድስት ዓመት ሰው ጾም ላይ ጾም ሲጨምር ምን እንደሚሆን ለአንተ አልነግርህም።

በዚያው ቀን፣ በቀትር፣ ጉሙ እንደተለመደው መጣ። ሕፃኑም አጉረመረመ። እማዬ «በሩን ዝጊው» ስትለኝ የእማማ መደብ ባዶ መሆኑን አየሁ። ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ማማው ሥር ስደርስ ጫማቸው ብቻ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ጎን ለጎን፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደሚወልቅ። ቀና ስል አምስተኛው ደረጃ ላይ ሁለት ባዶ እግሮች አየሁ። ከዚያ በላይ ጉም ነው። እግሮቹ አይንቀሳቀሱም። ሕፃኑ በመካከሉ ዝምታ ውስጥ ነበር፤ በዚያ ዝምታ የእማማን ድምፅ ሰማሁ፣ በቀስታ «መጣሁ፣ መጣሁ» ይላሉ። ብረቱ እንደ ሳሙና ያዳልጣል። በአንድ እጃቸው መሰላሉን፣ በሌላው እጃቸው ውኃ የሞላ ጣሳ ይዘዋል። ከኋላቸው ወጥቼ ወገባቸውን ያዝኩ። እሽ ብለው ወረዱልኝ፤ ጣሳው ግን አንዲት ጠብታ አልፈሰሰበትም።

እዚያው ማማው ሥር ተቀመጥን። «እማማ፣ እንጨቷ ረጥባ ነው» አልኳቸው። «እሷም ረጥባ ነበር» አሉኝ።

ያወጉኝን እንዳለ ልጻፍልህ፤ እማዬ እንኳ እስከዚያ ቀን አታውቀውም ነበር። እማዬ ሳትወለድ ሌላ ሴት ልጅ ነበረቻቸው፣ ጃናሞራ ሳሉ። ለሰማንያ ቀኗ ክርስትና ሁለት ቀን ሲቀራት ታመመች። ሕፃን ከታመመ ቀኑ ሳይሞላ ይጠመቃል፣ አንተ ታውቃለህ። ቤተ ክርስቲያኑ ከወንዝ ማዶ ነው፣ ወሩም ነሐሴ ነው፣ ወንዙ ሞልቷል። ሕፃኗን አዝለው ወረዱ። ቄሱም መልእክት ደርሷቸው በማዶ በኩል ወረዱ፣ መስቀላቸውንና ውኃቸውን ይዘው። መሻገር አልተቻለም። እማማ በዚህ፣ ቄሱ በዚያ፣ ከጠዋት እስከ ቀትር በዝናብ ቆሙ። ቄሱ የሚሉት በወንዙ ድምፅ አይሰማም፤ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ብቻ ይታያል። ሕፃኗ ስታለቅስ ቆየች። ቀትር ላይ ተንሰቀሰቀች፣ ከዚያ ዝም አለች። እማማ እንደገና ታለቅሳለች ብለው ጠበቁ። ጠበቁ። ቄሱ በማዶ ቆመው የሚያዩትን አይተው መስቀላቸውን ወደ ብብታቸው መለሱ። ያልተጠመቀች ናትና ፍትሐት አልተደረገላትም፤ ወንዙ ዳር፣ ሾላው ሥር፣ ስም ሳይኖራት ቀበሯት። «ውኃ ሞልቶ ውኃ አጣን» አሉኝ እማማ። «ከዝምታው በኋላ ያለውን ለቅሶ ግን ሃምሳ ሁለት ዓመት ጠብቄ አሁን ሰማሁት።»

ምስክርዬ፣ ከዚያ ወዲህ አልሳቅሁም። ዱላዋን ልቀይር ስነሳ እማማ ክንዴን ያዙኝ። «እጅሽን ብታነሺባት እኔ እህል አልቀምስም» አሉ። ለእማዬ ስነግራት ክክ ለቀማዋን ትታ «እህት ነበረችኝ ማለት ነው?» አለች። አባዬም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈርደው አጣ። እማማ በየቀኑ በቀትር ጣሳ ይዘው ማማው ሥር ይቆማሉ፤ እኔ መሰላሉን አንስቼ ደብቄዋለሁ፣ እሳቸውም አንጋጠው ያዳምጣሉ። ቁራሹንም እየተዉት መጡ። ሐኪም ቤት እንውሰድዎ ስንል «እሷን ጥማት ላይ ትቼ?» ይላሉ።

ነሐሴ ሃያ ስድስት አባዬ መምሬ ወልደ ሩፋኤልን ጠራቸው። እማማ ጥያቄያቸውን አንድ ብቻ አደረጉት፤ መምሬ ወጥተው ጸበል ይርጩ። መምሬ ሽቅብ ማማውን አዩ፣ ቁልቁል ሆዳቸውን አዩ። «እመት በለጠች፣ እኔ የሰው ንስሐ አባት ነኝ እንጂ የታንከር አይደለሁም» አሉ። እማማ «ያኛውም ቄስ በማዶ ቆሞ ቀረ» አሉ። መምሬ ታሪኩን ከአባዬ ሰምተው ነበርና ጫማቸውን አወለቁ። መሰላሉን ከደበቅሁበት አወጣሁ፤ እኔና አባዬ ያዝነው፣ እሳቸው በእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ቅዱስ እየጠሩ ወጡ። ቀትር ነው፣ ጉሙ ግን ገና ስስ ነበር፤ መሣሪያው ዝም ብሏል። ጸሎታቸውን አደረሱ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ የያዙትን ጸበል በእጃቸው እያፈሱ በታንከሩ አፍ ረጩ። ጸበሉ ማንኪያዎቹ ላይ አረፈ። የሚሆነውን አንተ ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ፣ መምሬ ግን አላወቁም።

ማጉረምረም የለ፣ መንሰቅሰቅ የለ። ከመጨረሻው ጀመረ፣ በሙሉ ድምፁ። መምሬ ሲወጡ ሩብ ሰዓት የፈጀባቸውን መሰላል በሦስት እርምጃ ወረዱት። ጥምጥማቸው ታንከሩ ውስጥ ቀረ። በሌላ ቀን ቢሆን ለአንድ ዓመት የምስቀው ነበር፤ ያኔ ግን እማማ እልል አሉ። በዚያ ባለቀ ጉልበት፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ እልልልል። «ሕፃን ሲጠመቅ ያለቅሳል!» አሉ። «ሁሉም ያለቅሳል! ሰማችሁ? እንደ ሰው ልጅ አለቀሰች!»

መምሬ ትንፋሻቸውን ሰብስበው «እመት በለጠች፣ እንዳንሳሳት፤ እኔ የውኃ ዕቃ ባረክሁ እንጂ ሰው አላጠመቅሁም» አሉ። እማማ ግን «ስሟ ስጦታ ነው። ይያዙልኝ» አሉ። መምሬ የአባዬ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፣ ራሳቸውን እንዳልተሸፈኑ። ከዚያ «ለሞተ ጥምቀት የለም፤ ሕጉን እኔ አልሠራሁትም። እግዚአብሔርን ግን ወንዝ አያግደውም። ስሟን ይዣለሁ» አሉ። በዚያች ሰዓት ጸበሉ ከማንኪያዎቹ ላይ ተንጠባጥቦ አልቆ መሣሪያው ዝም አለ። እማማ ወደ ቤት ገብተው መረቅ ጠጡ።

በማግስቱ ማንም ሳይጠይቀኝ ዱላዋን ጥዬ በፕላስቲክ ቱቦ ቀየርኩት፣ መጋጠሚያውን በሻማ ደፈንኩት። የአሻንጉሊቷንም ድምፅ ነቅዬ ጋሽ ገዱ ከተበላሸ ሰዓት ያወጡልኝን ጢጥ ጢጥ የሚል ነገር ተካሁበት። እንደገና ካለቀሰች እማማ እንደገና መጾም ይጀምራሉ ብዬ ፈርቼ ነው። የአሻንጉሊቷን ድምፅ የባትሪ ድንጋዮች አውጥቼ ለአባዬ ሰጠሁት፤ የእጅ ባትሪው ውስጥ ናቸው። ድምፅ ማውጫዋን በጨርቅ ጠቅልዬ ያንተ የመጻሕፍት ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩባት። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደብዳቤው በአንድ ገጽ ያልቅ ነበር፤ ከመረቁም ከጥምጥሙም እየሳቅን።

ጳጉሜን ሦስት የሩፋኤል ዝናብ በቀትር ወረደ። ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ሕፃናቱ ራቁታቸውን ይዘላሉ፤ አባዬ በውስጥ ሱሪ ሆኖ ጎረቤት እንዳያየው እየጸለየ ይጠመቃል፤ እትዬ እናናዬም በአጥራቸው በኩል ቆመው ይስቁበታል። እኔ ፎጣ ላመጣ ብቻዬን ወደ ቤት ገባሁ። ጓዳው ደረቅ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ጩኸቱ ሁሉ ውጭ ነው። ሳጥንህ ውስጥ አጉረመረመች። ሁለቴ ተንሰቀሰቀች። ዝም አለች። እኔም እንደ እማማ ቆሜ ጠበቅሁ። የሚቀጥለው አልመጣም። ሳጥኑን ስከፍት ጨርቁ እንደጠቀለልኩት ነው፣ የድንጋዩ ቤት ባዶ ነው። ነካሁት፣ ለብ ያለ ነበር።

ለጋሽ ገዱ በማግስቱ አሳየኋቸው። ውስጧ ያለው ትንሽ ዕቃ የተረፈ ኃይል ይዞ ሊሆን ይችላል አሉ። ስንት ጊዜ ይይዛል አልኳቸው። አንድ ደቂቃ፣ ቢበዛ ሁለት አሉ። ድንጋዩን ካወጣሁ ስድስት ቀን ሆኖት ነበር አልኳቸው። ካውያቸውን አስቀመጡና «ወደ ቤት ይዘሽልኝ ሂጂ» አሉ። ዋጋም አልጠየቁኝ፣ ሳቅም አልነበራቸውም።

ለእማማ ግን ከዚያ በፊት፣ ያው በዝናቡ ሰዓት ነው የነገርኳቸው። ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ስለ ዱላዋ በሁለተኛው ቀን ማወቄን፣ ለሳቄ ብዬ ሁለት ሳምንት ዝም ማለቴን፣ በመጨረሻም ሳጥኑ ውስጥ የሰማሁትን። ይረግሙኛል ብዬ ነበር። ጆሮዬን ያዝ አደረጉኝ፣ አላመመኝም። «በምን እንዳለቀሰች ነገርሽኝ። ማን እንዳለቀሰ ግን አንቺም አታውቂም» አሉ። ከዚያ ጨርቁን ተቀበሉኝ። ነጠላቸውን ዘረጉ፣ ያችን የክብሪት ቤት የምታህል ነገር ጀርባቸው ላይ አደረጉ፣ እንደ ሕፃን አዘሏት፣ ወደ ዝናቡም ገቡ። እየተወዛወዙ በግቢው መካከል ቆሙ። እማዬ አየቻቸው። መጥታ ከጎናቸው ቆመች፣ የነጠላውንም ጫፍ ከመሬት አነሳችላቸው። አባዬ በውስጥ ሱሪ መሆኑን ረስቶ ቀጥ ብሎ ቆመ።

የረጠበ ድምፅ ማውጫ ሥራው አብቅቷል፤ አሁን የመቶ ቤት መብራት ኃይል ቢሰጠው አይጮኽም። ከዚያ ቀን ወዲህም አልሰማናትም። እማማ ይበላሉ። ትናንት እንዲያውም ጨው አነሰው ብለው እማዬን ተቆጥተዋል፤ ቤቱ ሁሉ በደስታ ሊያለቅስ ነበር። በመስከረም ወንዙ ሲጎድል እማማ፣ እማዬና እኔ ጃናሞራ ወርደን ሾላው ሥር እናስቀምጣታለን።

ለአንተ የቀረልህ ይህ ነው። የኔታን ጠይቅልን። ስም ሳትይዝ ለሄደች ልጅ፣ ዛሬ ስም ላወጡላት፣ ምን ይጸለያል? ከተፈቀደ አስጸልይላት፤ ካልተፈቀደም አንተ ሌሊት ስትቆም ስሟን በልብህ አንሳው። የሚነቅፍህ ካለ እኔ አዘዝኩት በል። እኔ እስከማውቀው ይህ የእኔ መሣሪያ የፈጠረው ነገር ነው። በቀን ሦስቴ ለራሴ እንደዚህ እላለሁ። በቀትር ግን አልልም።

እንግዲህ የቤተሰቡ ሰላምታ ይድረስህ። አባዬ ወፍራም ካልሲ ልኮልሃል፣ ሰላምም ብሎሃል። እማዬ ጉንጭህን ስማ፣ በሶውን ብቻህን ብላው፣ ለጓደኞችህ አትበትነው ብላለች። እትዬ እናናዬ ጎመናቸው ስለተረፈ አመስግነው ሰላም ብለውሃል። መምሬ ወልደ ሩፋኤል ጥምጥማቸው ስለደረቀ በርታ ብለውሃል። እማማ በለጠች እዚህ አጠገቤ ተቀምጠው ሰላምታውን በጣታቸው እየቆጠሩ ነው። «የሁላችንንም ጻፍሽ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ጣታቸውን እንደገና ቆጠሩና «አንድ ይቀርሻል» አሉ።

አክስትህ ስጦታ ሰላም ብላሃለች።

እህትህ ሕሊና ዓለምነህ
ደባርቅ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ዓ.ም.